ያልተነሣው ጣሪያ

፦ ተረት ተረት።

፦ የላም በረት።

ምነው ድምፃችሁ ቀጠነ? እራት አልበላችሁም እንዴ? በረቱ ድረስ ካልተሰማ አልጀምርም። እንደገና። ተረት ተረት!

፦ የላም በረት!

እንዲህ ነው እንጂ። በሉ ባቄላችሁን እየፈለፈላችሁ ስሙኝ። እጃችሁ ሥራ አይፍታ፤ የዛሬው ተረት የሰነፍ ተረት አይደለም።

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ተራራ ሥር ባለች መንደር፣ ቢያድግልኝ የሚባል ሰውና አንጓች የምትባል ሚስቱ ነበሩ። ከተጋቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ግን ቤት የላቸውም። እሱ ወንድሙ ቤት ከከብቶቹ ጋር ያድራል። እሷ አክስቷ ቤት ከጎታው ሥር ታድራለች። ቀን እርሻ ላይ ይገናኛሉና ሲመሽ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ይሄዳል። ይኼ ትዳር ነው? ለእኔ አይደለም። ለእነሱም አልነበረም። አንድ ጣሪያ ሥር ማደር ብቻ ነበር የሚፈልጉት፤ ሌላ ምኞት አልነበራቸውም።

እጃቸው ግን ወርቅ ነበር። ቢያድግልኝ ጉማጅ እንጨት ካገኘ በርጩማ ያወጣለታል። አንጓች ሣር ከጨበጠች ሰፌድ ነው፣ ሙዳይ ነው፣ አገልግል ነው። ብቻ እሱ አንድ አመል ነበረበት። ገመድ ይዞ ሲለካ ይውላል። ለክቶ ሲያበቃ እንደገና ይለካል። ልክ እንደ አያታችሁ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንዲት በር ልሥራልሽ ብሎ ሦስት ክረምት የለካው። አንጓች ግን ካየች አየች ነው፤ ወዲያው ትጀምራለች።

የቢያድግልኝ አባት ሲሞት ከተራራው ግርጌ አንዲት ቁራሽ ቦታ ተወለት። ተዳፋት ናት፤ ላይዋ ድንጋይ፣ ውስጧ ቀይ አፈር። ከዚያች ቦታ አጠገብ የጭቃ ሹም ጓንጉል መስክ ነበር። ጭቃ ሹም የመንደሩ አዛዥ ነው። ግጦሹን ለየሰዉ የሚያካፍለውም እሱ ነውና ሰው ሁሉ ይፈራዋል። ጓንጉልም ያቺን ቦታ ለበቅሎው አሰባት።

በዚያ መንደር ሕግ ነበር። ባዶ ቦታ የያዘ ሰው እስከ ኅዳር ሚካኤል ቤት ካላቆመበት ቦታው ይወሰድበታል። ቤት ማለትም ይኼ ነው ተብሎ ተለይቷል፤ ሰው ገብቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በትሩን ወደ ላይ ሲያነሣ ጣሪያው ካልተነካ ቤት ነው። ከተነካ ጎጆም አይባል።

ቤት አሠራራቸው ደግሞ ከእኛ ይለያል። መጀመሪያ ጣሪያውን መሬት ላይ ይሠሩታል። እዚያው ያስሩታል፣ እዚያው ይከድኑታል። ከዚያም ደቦ ይጠራል። አርባ ወንድ ይመጣና ግድግዳውን አቁሞ፣ ጣሪያውን ሆ ብሎ አንሥቶ ይጭንበታል። የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ባልና ሚስትም ጥር ላይ ጀመሩ። ቢያድግልኝ ወራጁን፣ የጣሪያውን እንጨት፣ ቆረጠና አቀና። አንጓች በልጥ አሰረችው፣ ሣሩን ከደነችው። ግን እንደ ሰው ጣሪያ አልከደነችውም። እንደ አገልግል ክዳን፣ ዙር በዙር፣ ጥብቅ አድርጋ ሰፋችው። ውሃ አይደለም ንፋስም አይገባበት። ጫፉ ላይ ጉልላት አበጀችለት። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር። እሷም ደስ ብሏት እጥፍ አድርጋ ሰፋችው። እዚህ ላይ ተሳሳተች፤ ጣሪያው ያለ ልክ ከበደ። ምን ቸገረኝ፣ አርባ ሰው ያነሣዋል ብላ ነው።

ግንቦት ላይ ደቦ ጠሩ። ጠላው ተጠመቀ፣ ዳቦው ተጋገረ። ጧት ጠበቁ። እስከ ቀትር ጠበቁ። አንድ ሰው አልመጣም። ለካ ጓንጉል ማታውን ቤት ለቤት ዞሮ፣ ለእነሱ ትከሻውን የሰጠ ሰው ዘንድሮ ግጦሽ አያገኝም ብሎ ኖሯል። የቢያድግልኝ ወንድም እንኳ ወገቤን አለ። ጠላው ሆመጠጠ። ጣሪያው እንቁላል እንደ ታቀፈች ዶሮ መሬት ላይ ቀረ።

አንጓች አለቀሰች። እኔም ብሆን አለቅስ ነበር። ቢያድግልኝ ገመዱን አወጣና ጣሪያውን ለካ። ለክቶ ሲያበቃ ለሁለት ሰው አይነሣም አላት። ይኼንንማ ሳትለካም ታውቀዋለህ አለችው። ፈትተን እንቀንሰው ቢላት ደግሞ አራት ወር የሰፋሁትን አልፈታም አለች። ተኳረፉ።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ መጣ። አንድ ቀን ጓሮ ሲቆፍሩ ዶፍ ያዛቸውና ተሯሩጠው ጣሪያው ሥር ተሳቡ። ውስጡ ደረቅ ነው፤ ሞቅ ያለ ነው። ግን መቆም የለም። ቢያድግልኝ ቀና ሲል አናቱ ወራጁን መታ። አንጓች ተሸክማ የመጣችው እንስራ ነበራት። ልታስቀምጠው ብትል አንገቱ ጣሪያውን ነካ። ቂጡ ደግሞ ድቡልቡል ነውና ይንከባለልባታል። እሷም መቆፈሪያዋን አነሣችና እንስራው እንዲረጋ ጎድጓዳ ቆፈረችለት። አስቀመጠችው። ቆመ። አንገቱም ከጣሪያው ወረደ።

አንጓች እንስራውን አየችው።

፦ ቢያዴ፣ እንስራው ቆመ።

፦ እሺ፣ ቆመ። ታዲያ?

፦ እንስራው ከቆመ እኛስ? ጣሪያው አልነሣ ካለ ወለሉን እናውርደው።

ቢያድግልኝ ተቆጣ። ሰው ጉድጓድ ውስጥ ይኖራል እንዴ፣ ጅብ ነን ወይስ ጃርት አላት። መንደርተኛው ምን ይለናል አለ። እሷም መንደርተኛው ለደቦ አልመጣ፤ ለሐሜት ቢመጣ ምን አገባኝ አለችው። ይኼን ስትለው ሳቀ። ኩርፊያውም በዚያው ቀረ። ከዚያ ገመዱን አወጣ። አንጓችም አንድ ጊዜ ብቻ ለካ አለችው።

እሱም አንድ ጊዜ ለካ፤ ግን ያ መለካቱ ጠቀማቸው፣ ልንገራችሁ። አንጓች ከጣሪያው ከንፈር ጀምራ ልትቆፍር ነበር። እሱ ከለከላት። ከሥሩ ከቆፈርን ይናዳል፣ ጣሪያውም ይወርድብናል አለ። ዙሪያውን ሁለት ክንድ መሬት ሳይነካ አስቀሩ። እሱም መደብ ሆናቸው። መቀመጫቸውም መኝታቸውም ከመሬቱ ወጣ። ቢያድግልኝ ጠርቦ አለሰለሰው፤ አንጓች በእበት ለቀለቀችው። መሐሉን ግን እየወረዱ፣ እየወረዱ ሄዱ። ቢያድግልኝ ባላ አበጅቶ ከመሐል አቆመለትና ጣሪያውን ደገፈው። ቦታዋ ተዳፋት አይደለችም? ወደ ቁልቁለቱ በኩል በር ከፈቱ። ውሃ እንዳይገባም ጣሪያውን ከላይ በቦይ ከበቡት።

አፈሩስ? አፈሩ የት ሄደ? ጠይቁኝ እንጂ። አፈሩን በቅርጫት እየተሸከሙ ወደ ታች ወሰዱት። ከላይ በለቀሙት ድንጋይ ካብ ካቡ፣ አፈሩን ከካቡ ጀርባ ሞሉት። ፍግ ደባለቁበት። ከቦዩ የሚወርደውን ውሃ መሩበት። ጎመን ተከሉ፣ ሽንኩርት ተከሉ፣ ቃሪያ ተከሉ። ዱባውን ከጣሪያው ጥግ ተከሉት። ዱባው ዘለለና ጣሪያው ላይ ወጣ።

ጓንጉል በላይኛው መንገድ በበቅሎ ያልፋል። ከላይ ሲያይ መሬት ላይ የተቀመጠ ጣሪያ ነው፤ ቅጠል የዋጠው። ባልና ሚስቱ አፈር ይሸከማሉ። እሱም አብደዋል ብሎ ለሰው አወራ። ሰዉም ሳቀ። እነሱ ግን ሳቁን እየሰሙ ክረምቱን ሙሉ ቆፈሩ። እጃቸው ተላጠ። አንጓች ነሐሴ ላይ ነፍሰ ጡር መሆኗን አወቀችና ሥራዋን ጨመረች እንጂ አልቀነሰችም። ልጄን በየሰው ጎታ ሥር አልወልድም ትል ነበር። ቢያድግልኝ ከእጇ መቆፈሪያውን ሲቀማት እሷ ቅርጫቱን ታነሣለች። ምን ያድርጋት!

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓንጉል ሽማግሌዎቹን አስከትሎ መጣ። መንደሩም ጉድ ሊያይ ተከተለ። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አያ ተገኘ ነበሩ፤ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ነገራቸው ግን የማያልቅ። ጓንጉል ለዚያ ቀን አዲስ በትር አስቆርጧል፤ ከበፊቱ በአንድ ክንድ የረዘመ። አያችሁ ተንኮሉን!

፦ ይኸው ቤታቸው፤ ዶሮ እንኳ ጎንበስ ብላ ነው የምትገባበት። ቦታው ይወሰድ፣ አለ ጓንጉል።

አያ ተገኘ ግን፣ ሳንገባ አንፈርድም አሉ። አንጓች በታችኛው በኩል ይግቡ አለቻቸው። ካቡን ዞሩ፣ በጎመኑ መሐል አለፉ፣ በሩ ላይ ደረሱ። ጓንጉል ግንባሬን እመታለሁ ብሎ አጎንብሶ ገባ። እንዳጎነበሰ ሄደ፣ እንዳጎነበሰ መሐል ደረሰ። ቢያድግልኝ ቆሞ እያየው ነው።

፦ ጌታዬ፣ ቀና ይበሉ። አይነካዎትም።

ጓንጉል ቀና አለ። ራሱን ደባበሰ። ጣሪያው ሩቅ ነው። በትሩን አነሣ፤ አልደረሰም። እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰም። በእግሩ ጣት ቆመ፤ አልደረሰም። ከዚያም፣ ልጆቼ፣ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጫማውን አወለቀና መደቡ ላይ ወጣ!

፦ ውረድ፣ አንተ ጓንጉል፣ አሉት አያ ተገኘ። መኝታ ላይ ቆሞ ጣሪያ መለካት ከየት የመጣ ሕግ ነው?

ጓንጉል ወረደ። ፊቱ ቀላ። ይኼ ጉድጓድ ነው፣ ቤት ከመሬት በላይ ነው አለ። አያ ተገኘ መደቡን ዳበሱት፣ ባላውን ዳበሱት፣ ቀና ብለው ስፌቱን አዩት። ቀስ ብለው ተናገሩ።

፦ ሕጉ በትር ይላል እንጂ መሬት አይልም። እኔ ሰማንያ ዓመት በዚህ መንደር ስኖር በአርባ ሰው የተሠራ ቤት ነው ያየሁት። በሁለት ሰው የተሠራ ዛሬ አየሁ። ቤቱም ቦታውም የእነሱ ነው።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አንጓች የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት፤ ቢያድግልኝን አንገቱን አቀፈችው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በድሮ ዘመን! እሱም አላፈረም። ጓንጉል በትሩን ይዞ ወጣ። ረጅም ነውና በሩ ላይ ተሰነቀረበት። ሲታገል ቆይቶ እዚያው ጥሎት ሄደ።

አንጓች የዱባ ወጥ ሠርታ ነበር፤ ለሰዉ አቀረበች። ሰዉ ግን አልበላ አለው። አፈረ። በመጨረሻ የቢያድግልኝ ወንድም አቀርቅሮ ተናገረ። በድለናችኋል፣ ነገ መጥተን ጣሪያውን እናነሣላችኋለን አለ። ሁሉም አዎ፣ አዎ አሉ። አንጓችም፣ የእኛ ጣሪያ ደህና ተቀምጧል፣ አትንኩብን፣ ይልቅ ብሉ አለቻቸው። ያን ጊዜ ከኋላ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ድምፅ ተሰማ። ይመኙሻል ትባላለች። ከጓንጉል ጋር በውሃ ተጣልታ ኖሮ ለእሷም ደቦ አልወጣላትም።

፦ የእኔም ጣሪያ መሬት ላይ ነው። እኔ እንደ እናንተ የመቆፈር ጉልበት የለኝም አለች።

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ቢያድግልኝ የጎረሰውን ዋጠና ተነሣ።

፦ ነገ ጧት ደቦ አለ። የምጠራው እኔ ነኝ። ጭቃ ሹሙን የሚያስፈቅድ ካለ ቤቱ ይቅር።

በማግስቱ ጧት መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አርባ ብትሉ ሰማንያ ትከሻ ነበር። ግጦሽ ያለው ሰው፣ ግጦሽ የሌለው ሰው፣ የቢያድግልኝ ወንድም በደህናው ወገቡ። ጓንጉልም ሆታውን ከቤቱ ሆኖ ሰማው። ማንን ይከልክል? ሁሉንም ከከለከለ ግጦሹን ማን ሊግጠው ነው? ደጁን ዘግቶ ተቀመጠ። የይመኙሻል ጣሪያ ከመሬት ተነሣና ከሰው ራስ በላይ ወጣ። ሁሉም ሆ ይላል፣ እሷ ታለቅሳለች። ከፊት ሆኖ ጎንበስ ያለው፣ የመጀመሪያውን ወራጅ ትከሻው ላይ ያደረገው፣ የራሱን ጣሪያ ማንም ያላነሣለት ሰው ነበር።

ተረቴን እዚህ ላይ ከደንኩት። አፌን ደግሞ እናንተ ክደኑልኝ። በባዶ እጅ አይደለም ታዲያ! ከዚያች ከዳቦዋ ቆረስ፣ ከባቄላው ቆንጠር አድርጋችሁ አጉርሱኝ።