አልወልቅ ያለው ቀለበት

ልንገራችሁ፤ ስትሰሙኝ ግን ፊቴን አትዩኝ። ዘጠኝ ዓመት የደበቅኩት ነው።

አንድ ጣት ከቀለበት መውጣት ፈለገ። ጣቱ የማርዘነብ ነው። ማርዘነብ ከተሞሸረች ገና ወሯ ነበር። የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገልብጦ የእጇ አንጓ ተጎዳ፤ እኔ ወደምሠራበት ድንገተኛ ክፍል ይዟት የመጣው ባሏ ይታገሱ ነው። ከይታገሱ ጋር ስድስት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተምረናል። እወደው ነበር። አልነገርኩትም።

"እመቤት! እንኳን አንቺን አገኘሁ፤ እህቴ እኮ ነሽ!" አለኝ።

እህቴ!

እጇ እያበጠ ነው። ባበጠ እጅ ላይ የቆየ ቀለበት ደም ያግዳል፤ ጣት ይገድላል። ሳሙና ቀባሁት፤ እምቢ አለ። ቀለበቱ ካልወጣ ጣቱ አያርፍም።

የቀለበት መቁረጫ አመጣሁ፤ ምላጩ ዶልዱሟል። መቁረጫው ካልቆረጠ ቀለበቱ አይወጣም፤ ቀለበቱ ካልወጣ ጣቱ አያርፍም።

አዲስ ምላጭ ፍለጋ ዕቃ ክፍል ወዳሉት ጋሽ ደምሴ ሮጥኩ። "ሲስተር፣ እንኳን ምላጭ መርፌም ያለ ሐኪም ፊርማ አይወጣም" አሉኝ።

"ጣት እያበጠ ነው እኮ፣ ጋሽ ደምሴ!"

"እንግዲያው ጣቱ ይፈርም!"

ጋሽ ደምሴ ካልሰጡ መቁረጫው አይቆርጥም፤ መቁረጫው ካልቆረጠ ቀለበቱ አይወጣም፤ ቀለበቱ ካልወጣ ጣቱ አያርፍም።

ዶክተር ናሆም የባጃጁን ሹፌር ግንባር እየሰፋ ነበር። "ሰውዬውን ከነደሙ ጥዬ ልፈርም? ጠብቂ!" አለኝ። ሐኪሙ ካልፈረመ ጋሽ ደምሴ አይሰጡም፤ ጋሽ ደምሴ ካልሰጡ መቁረጫው አይቆርጥም፤ መቁረጫው ካልቆረጠ ቀለበቱ አይወጣም፤ ቀለበቱ ካልወጣ ጣቱ አያርፍም።

ምስጢሬ እዚህ ላይ ነው። ከሐኪሙ መርፌ የተንጠለጠለውን ክር አየሁት። ኮሌጅ ሳለን መምህራችን በገዛ ጣታቸው አሳይተውናል፤ የክሩን ጫፍ በቀለበቱ ሥር አሾልኮ፣ በቀረው ክር ጣቱን ጥብቅ አድርጎ ጠምጥሞ፣ የሾለከውን ጫፍ ይዞ ከሥር መተርተር ነው። ቀለበቱ ሳይቆረጥ ይወጣል። አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ይቆረጥ አልኩ በሆዴ፤ የእሱ ቀለበት ለሁለት ይቆረጥ! እኔ ካልተናገርኩ ክሩ አይመጣም፤ ክሩ ካልመጣ ፊርማ ይጠበቃል፤ ሐኪሙ ካልፈረመ ጋሽ ደምሴ አይሰጡም፤ ጋሽ ደምሴ ካልሰጡ መቁረጫው አይቆርጥም፤ መቁረጫው ካልቆረጠ ቀለበቱ አይወጣም፤ ቀለበቱ ካልወጣ ጣቱ አያርፍም።

ጣቱ ጠቆረ። ማርዘነብ እያለቀሰች አየችኝ። "ያቺ እመቤት አንቺ ነሽ? በአንቺ ስቀና ነው የከረምኩት። 'እመቤት መላ አታጣም' ሲለኝ ነው የሚውለው።"

"ይታገሱ?"

"ወጥ ሲያርብኝ ሳይቀር!"

ፊቴ ጋለ። መላው እጄ ላይ ነበራ!

ተናገርኩ። እኔ ብናገር ክሩ መጣ፤ ክሩ ቢመጣ ጣቱ ተጠመጠመ፤ ጣቱ ቢጠመጠም ቀጠነ፤ ጣቱ ቢቀጥን ቀለበቱ ተንሸራተተ። ሐኪሙ ሳይፈርም፣ ጋሽ ደምሴ ምላጫቸውን እንዳቀፉ፣ መቁረጫው እንደዶለዶመ፣ ጣቱ ቀላ፤ አረፈ።

ባልና ሚስት ጣቱን እያገላበጡ ሲስቁ፣ ቀለበቱን በአልኮል ልጠርግ ብዬ ዞር አልኩ። ማንም አላየኝም። አጠለቅኩት።

ሰፋኝ። እጄን ዝቅ ባደርግ ያለ ሳሙና፣ ያለ መቁረጫ፣ ያለ ፊርማ፣ ያለ ክር፣ በራሱ ወለቀ።