ካልጠሩኝ አልገባም ያለው ኮምፓይለር

ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉኝ፤ የዛሬው ተረቴ ግን የሚውለው ስልክ ውስጥ ነው።

ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ ጎሬ የሚኖሩ እናት ነበሩ። ልጃቸው ጅማ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ደርሳለች። እሳቸው የሚፈልጉት በነገው አውቶቡስ አንድ ወንበር ብቻ ነው። ስልካቸውን አንሥተው የአውቶቡሱን ድረ ገጽ ነኩ። ገጹ ቢጠብቁት፣ ቢጠብቁት አልከፈት አለ።

ድረ ገጹን የሚሠራው ምንተስኖት «ምነው፣ ለእናታችን አትከፈትም?» አለው ገጹን።

«አልከፈትም! አሮጌው ኮምፓይለር ይህን ሁሉ ጭኖብኝ እንዴት ልሩጥ? አዲሱ ኮምፓይለር ያቅልልኝ።»

ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ኮድ ለማሽን የሚያሰናዳ ፕሮግራም ነው። አዲሱን ያመጣው ፍሬምወርክ፣ ማለትም ድረ ገጹ የተሠራበት ዝግጁ ማገር ነው፤ አዲሱ ኮምፓይለር ፈጣን ነው፣ ጨዋም ነው። ምንተስኖት «ግባ እንጂ! ገጹ አይከፈትም፣ ወይዘሮ የሺመቤት ወንበር የላቸውም» አለው።

«ካልጠሩኝ አልገባም! ለወደደኝ እንጂ በግድ አልመጣም። የገጹ ትእዛዝ የተጻፈበት የማስተካከያው ፋይል ‹እሺ› ብሎ ይጻፍልኝ።»

ወደ ፋይሉ ሄደ። «‹እሺ› በል እንጂ! ኮምፓይለሩ አይገባም፣ ገጹ አይከፈትም፣ ወይዘሮ የሺመቤት ወንበር የላቸውም።»

«አልልም! ዝም ብዬ ‹እሺ› ብዬ ቤት ላፍርስ? መጀመሪያ ገጹ በደንብ መሥራቱን የሚያጣራው ፈተና ይለፍ።»

ወደ ፈተናው ሄደ። «እለፍ እንጂ! ፋይሉ ‹እሺ› አይልም፣ ኮምፓይለሩ አይገባም፣ ገጹ አይከፈትም፣ ወይዘሮ የሺመቤት ወንበር የላቸውም።»

«አላልፍም! ‹ትኬት ቁረጥ› የሚለው ቁልፍ ኮዱ ጠማማ ነው፤ ከአሮጌው ጋር ተላምዷል፣ ከአዲሱ ጋር ይጣላል። እሱ ይቃና።»

ቁልፉ ደግሞ ከሁሉ ባሰ። «አልቃናም! የጻፉኝ ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው፤ ሆዴን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ያቅኑኝ።»

ጋሽ ወንድይፍራው ጎን ያለው ክፍል ውስጥ አኩርፈው ተቀምጠዋል። ወጣቶቹ ስለ አዲሱ ኮምፓይለር ሲመክሩ እሳቸውን የጠራ የለማ! ምንተስኖት በራቸው ላይ ቆሞ አንበለበለው። «ቁልፉ አይቃናም፣ ፈተናው አያልፍም፣ ፋይሉ ‹እሺ› አይልም፣ ኮምፓይለሩ አይገባም፣ ገጹ አይከፈትም፣ ወይዘሮ የሺመቤት ወንበር የላቸውም!»

«ታዲያ እኔን ማን ጠራኝ?» አሉ ጋሼ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

እዩልኝ እንግዲህ! ኮምፓይለሩ ካልጠሩኝ፣ ሰውየውም ካልጠሩኝ። ምንተስኖት ደግሞ ያን ሁሉ ሲያወራ «ይምጡልን» የምትለዋን አንዲት ቃል ረሳት። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ይህችን ግን ያስተማረው የለም።

ያኔ የጋሼ ስልክ ጮኸ። ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው፤ ለመንገደኞች ተብሎ አውቶቡሱ ጎን ላይ የተጻፈውን የጋሼን ቁጥር አንብበው ነው የደወሉት።

«ወንድሜ፣ ልጄ ምጧ ደርሷል። ብቻዋን እንዳትሆንብኝ ፈራሁ። ገጻችሁ እምቢ አለኝ፤ እባክዎ፣ በሞቴ፣ እርስዎ ይድረሱልኝ።»

«በሞቴ» ተብሎ ማን ይቀመጣል? ጋሼ ብድግ አሉ። ምንተስኖትም አፍሮ «ቀድሜ መጥራት ነበረብኝ፤ ይምጡልን ጋሼ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው።

ጋሼ ተቀመጡ፣ ቁልፉ ቀና፣ ፈተናው አለፈ፣ ፋይሉ «እሺ» ብሎ ጻፈ፣ ኮምፓይለሩ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ገጹ ቀለለ፣ ገጹ ተከፈተ፣ ወይዘሮ የሺመቤት ወንበር ያዙ፤ ያውም በመስኮቱ በኩል።

በማግስቱ ጅማ ገቡ። ሻንጣቸውን ሳያወርዱ የልጅ ልጃቸው ከች አለች። «ካልጠሩኝ አልገባም» ያላለች እሷ ብቻ ናት፤ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት።

ተረቴን መልሱ፣ ዳቦውንም አምጡ፤ «በሞቴ» ካላላችሁኝ ግን አልቀምስም።