የአስካለ መዳፍና እምቢተኞቹ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ጆሮውን ቤት ረስቶ የመጣ ሮጦ ያምጣ፤ ይሄ ተረት ሰንሰለት ነውና አንዷ ቀለበት ያመለጠችው ሁሉም ያመልጠዋል።

አስካለ የምትባል ልጅ ነበረች። ግራ እጇ ከተወለደች ጀምሮ ጭብጥ ነው፤ ጅማቱ እየተኮማተረ ጣቶቿን መዳፏ ውስጥ ይደብቅባታል። ታዲያ ከፋሲካ በኋላ አክስቷ ልትዳር ነው፤ የቤቱ ሴት ሁሉ እንሶስላ ሊቀባ ነው። አስካለም አንድ ነገር አማራት፤ ግራ መዳፏ እንደ ቀኙ እንዲቀላ።

“እጄ ሆይ፣ ተዘርጋ!” አለችው።

“አልዘረጋም!” አለ እጅ።

አጎቷ መንገሻ “ለዚህ ነው እንዴ!” ብሎ ጣቶቿን ይዞ ጎተተ። እጅ ሲጎትቱት ጭራሽ ባሰበት፣ ጥብቅ አለ።

“ኧረ ጋሼ! እጅ ነው እኮ፣ የአህያ ጭነት አደረግከው?” አለች አስካለ።

እናቷ ይዛት ከተማ ወረደች፤ የእጅና የእግር ድጋፍ ከምትሠራው ከውድነሽ ዘንድ። ውድነሽ ነጭ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ አወጣች። “ይሄ በእጅሽ ልክ ይቀረጽና ማታ ማታ አስረሽው ትተኛለሽ” አለቻት።

“ፕላስቲክ ሆይ፣ እጄን ደግፍ!”

“አልደግፍም፤ ደረቅ ነኝ፣ ሙቅ ውሃ ያለስልሰኝ።”

ፕላስቲክ አልደግፍም አለ፤ እጅ አልዘረጋም አለ፤ መዳፏም ሳይቀላ ቀረ።

“ውሃ ሆይ፣ ፕላስቲኩን አለስልስ!”

“አላለሰልስም፤ ቀዝቃዛ ነኝ፣ እሳት ያሙቀኝ።”

ውሃ አላለሰልስም አለ፤ ፕላስቲክ አልደግፍም አለ፤ እጅ አልዘረጋም አለ፤ መዳፏም ሳይቀላ ቀረ።

መብራት የለም፣ ጠፍቷል። ያለው የከሰል ምድጃ ነው።

“እሳት ሆይ፣ ውሃውን አሙቅ!”

“አላሞቅም፤ ከሰሉ እርጥብ ነው፣ ነፋስ ያራግበኝ።”

እሳት አላሞቅም አለ፤ ውሃ አላለሰልስም አለ፤ ፕላስቲክ አልደግፍም አለ፤ እጅ አልዘረጋም አለ፤ መዳፏም ሳይቀላ ቀረ።

“ነፋስ ሆይ፣ እሳቱን አራግብ!”

“አላራግብም! የሰፈሩ ልብስ ሁሉ ገመድ ላይ ሆኖ እኔን ይጠብቃል። ምን ቆርጦኝ ከሰል ላይ እደፋለሁ?”

በሉ አብራችሁኝ! ነፋስ አላራግብም አለ፤ እሳት አላሞቅም አለ፤ ውሃ አላለሰልስም አለ፤ ፕላስቲክ አልደግፍም አለ፤ እጅ አልዘረጋም አለ፤ መዳፏም ሳይቀላ ቀረ።

“በቃ ልጄ፣ ሌላ ጊዜ እንመለሳለን” አለች እናቷ። አገራቸው ሩቅ ነው፤ ሌላ ጊዜ ማለት ሠርጉ ካለፈ ወዲያ ማለት ነው። አስካለ ይሄን ታውቃለች።

ምድጃው ፊት ተንበረከከች። “ነፋስ ይኩራ! እኔስ ትንፋሽ የለኝም?” ኡፍ! አመዱ ፊቷ ላይ ቦነነ። ኡፍ! አስላት። ኡፍፍፍ!

ያን ጊዜ ትንፋሿ እሳቱን አራገበ፤ እሳት ውሃውን አሞቀ፤ ውሃ ፕላስቲኩን አለሰለሰ፤ ያ ጣውላ የመሰለው ፕላስቲክ እንደ ሊጥ ልምጥ አለ!

አስካለ “አሁን ሊጎትቱኝ ነው” ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ውድነሽ ግን አልጎተተችም፤ እጇን ይባርከውና! የእጅ አንጓዋን ቀስ አድርጋ ወደ ታች አዘነበለችው፤ ጣቶቿም በራሳቸው ላላ ላላ አሉ። ፕላስቲኩን ጠራርጋ፣ ለብ እስኪል ጠብቃ፣ ከሥር ደገፈችበት፤ ሲደርቅ የአስካለን እጅ መልክ ይዞ ቀረ። ማሰሪያ አበጀችለት። አቤት ጥበብ! አይቆጣ፣ አይጎትት፤ እንደ ደግ ሰው ያዝ አድርጎ መጠበቅ ብቻ።

ሁዳዴን ሙሉ ማታ ማታ አስራው ተኛች።

የሠርጉ ዋዜማ ሴቶቹ የተወቀጠ እንሶስላቸውን ይዘው ተሰበሰቡ። መንገሻ በበሩ ብቅ ብሎ “ትንሽ ልጎትትልሽ?” አለ።

“ዞር በል ጋሼ!” ሳቀች አስካለ። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ በለሆሳስ፣ “እጄ ሆይ?” አለች።

“እሺ፤ ግን ቀስ በይ” አለ እጅ።

ፕላስቲክ ደግፎ ነበርና እጅ ተዘረጋ። እንደ ጠረጴዛ አይምሰላችሁ፤ ውሃ እንደሚጠጡበት መዳፍ ጎድጎድ ብሎ ነው። የሌሎቹ እንሶስላ በጣቶቻቸው መሃል እየፈሰሰ ቀሚስ ሲያበላሽ፣ የአስካለ አንዲት ጠብታ ሳትፈስ እዚያው ጎድጓዳው ውስጥ አደረ። ሲነጋ ከሁሉም ቀልቶ የተገኘው የማን መዳፍ ይመስላችኋል?

በሉ፣ ተረቴን ዘርግቼላችኋለሁ፤ ጠቅልላችሁ ቤት ውሰዱት።