የዳገቷ ሽንኩርት

አንድ ሰው ነበር። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ነው። እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተችበት አዝላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ እትዬ ዝማም ናት።

እትዬ ዝማም ታመመች። እህል አልወርድላት አለ። አንድ ቀን ጠራችውና፣ "ወንድምዬ፣ ያቺ የዳገቷ ሽንኩርት አማረችኝ። በልጅነታችን ቆፍረን በጨው የምንበላት" አለችው።

ይህች የዱር ሽንኩርት በደረቅ ዳገት፣ በድንጋይ መሐል ነው የምትበቅለው። ክረምት ሲወጣ ቅጠሏ ለምለም ነው። ፀሐይ ሲበረታ ቅጠሏ ደርቆ ይጠፋል፤ ራሷ ግን ከአፈር በታች ትተኛለች። ታዲያ ቅጠል ከሌለ የት ብላችሁ ትቆፍራላችሁ?

"እሺ እትዬ፣ ጤፉን ልጨድና" አላት። አጨደ። "ልውቃና" አላት። ወቃ። አልዋሸም፤ ሥራ ነበረበት። ደግሞስ ሽንኩርት ምን ቁም ነገር ነው?

በኋላ ዶማውን ይዞ ዳገቱን ቢወጣ፣ ቅጠል የሚባል የለም። እዚህ ቆፈረ፤ ድንጋይ። እዚያ ቆፈረ፤ ድንጋይ። ባዶ እጁን ሲመለስ፣ "ተወው፣ ለከርሞ ያድርሰን" አለችው።

አልደረሰችም።

ተዝካሯንማ አትጠይቁኝ! ሰንጋ ጣለ፣ ጠላውን በጋን በጋን አስጠመቀ። አገሩ ሁሉ "ወንድም ማለት እንዲህ ነው!" አለ። አንዲት አሮጊት ጎረቤት ግን የቀረበላትን ሳትነካ፣ "ልጄ፣ ከዚህ ሁሉ እሷ የለመነችህ የቱ ነው?" አለችው።

"ጠላ ልቅዳ" ብሎ ከፊቷ ዞር አለ።

ክረምቱ አልፎ ወደ መቃብሯ ሲሄድ በዚያው ዳገት ወጣ። ሽንኩርቷ በቅላለች። የት? ያኔ ቆፍሮ ከተወው ጉድጓድ አንድ ስንዝር አለፍ ብሎ። እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ አይደል?

ወገኖቼ፣ እኛ ለሞተ ሰው ሰነፎች አይደለንም። ድንኳን በመትከል ማን ይቀድመናል? በሕይወት ያለው ሰው "እስቲ ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ" ሲለን ግን ጤፉ ትዝ ይለናል።

ይህን ስናገር የአንድ ሰው ፊት የታያችሁ አላችሁ። ምን ነበር የለመናችሁ? ትንሽ ነገር ነው፤ አውቃለሁ። ትንሽ ስለሆነ አይደል ያቆያችሁት? እግዚአብሔር ያን ሰው እስከ ዛሬ አቆይቶላችኋል። እንግዲህ ከዚህ ስትወጡ ቀጥታ ወደ ቤት አትግቡ። በእርሱ ደጅ በኩል እለፉ፣ ቅጠሉ ሳይደርቅ።