ዐይናማው ተረከዝ

በትክክል ስሙ፤ የሰማችሁትንም አታዛንፉ። ተረከዝ እንጂ ጫማ አላልሁም፤ አሉሚኒየም እንጂ ቆርቆሮ አላልሁም።

የወይዘሮ አስካለ አንድ እግራቸው ሰው ሠራሽ ነው። የብረት ተረከዙ እየከበዳቸው ቆመው አይቆዩም። «የልጃችን ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀረው፤ ቆሜ ልመርቃት» አሉ።

ባላቸው አቶ ደምለው ብረት አቅላጭ ናቸው። በቅርጽ ማውጫው ውስጥ የተወቀጠ አሞሌ ጨው ሞልተው የቀለጠ አሉሚኒየም አፈሰሱበት። ጨው በውሃ ታጥቦ ሲወጣ፣ እንደ እንጀራ ዐይኑ የበዛ ቀላል ተረከዝ ይቀራል። አንዱ በፈተና ሊጨፈለቅ፣ አንዱ ሊለበስ፣ መንታ ሠሩ።

ተረከዙን ተጭኖ ጥንካሬውን የሚፈትነው መጭመቂያ መኪና ግን፣ «ጨው የጎረሰ አልፈትንም» አለ።

አቶ ደምለውም፣ «ጨው ሆይ፣ ውጣ! መጭመቂያው አልፈትንም አለ፤ አስካለ ቆማ አትመርቅም።»

«ውሃ ካልገባ አልወጣም» አለ ጨው።

«ውሃ ሆይ፣ ግባ! ጨው አልወጣም አለ፤ መጭመቂያው አልፈትንም አለ፤ አስካለ ቆማ አትመርቅም።»

«ዐይኑ ጠቦኛል፤ አልገባም» አለ ውሃ።

«ዐይን ሆይ፣ ስፋ! ውሃ አልገባም አለ፤ ጨው አልወጣም አለ፤ መጭመቂያው አልፈትንም አለ፤ አስካለ ቆማ አትመርቅም።»

«አሞሌው ዱቄት ሆኖ ከተወቀጠ፣ በምን ልስፋ?» አለ ዐይን።

የመጭመቂያው ሠራተኛ ማንደፍሮ ሳቀ። «ጋሼ ደምለው፣ ማን ያውቃል? የ‹ተፈትኗል› ማኅተሙን ልምታልዎና ይሂዱ!»

«ማኅተም ሰው ይሸከማል?» ብለው ገላመጡት። ከዚያም ጨው ወቃጯ ወይዘሮ ዘነቡ ዘንድ ሄዱ።

«ወይዘሮ ዘነቡ፣ በምስር ልክ ይስበሩልኝ! ዐይን አልሰፋም አለ፤ ውሃ አልገባም አለ፤ ጨው አልወጣም አለ፤ መጭመቂያው አልፈትንም አለ፤ አስካለ ቆማ አትመርቅም።»

«አርባ ዓመት ከሙቀጫዬ ኮረት ወጥቶ አያውቅም! ገበያው ‹ዘነቡ ደከመች› ይበለኝ?»

ለማንም ጎንበስ የማይሉት አቶ ደምለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ለምን እንደሆነ ሳልነግርዎ ጨው ብቻ ብዬ አዘዝሁ። ለአስካለ ተረከዝ ነው።»

«ታዲያ አፍዎ እስካሁን የት ነበር!» አሉ ዘነቡ፣ ዘነዘናውን እያነሡ።

ዘነቡ በምስር ልክ ሰበሩ፤ አቶ ደምለው ዳግም አቀለጡ፤ ዐይኑ ሰፋ፤ ውሃው ገባ፤ ጨው ወጣ፤ መጭመቂያው ተጫነ። አንዱ መንታ የአስካለን ክብደት አምስት እጥፍ ችሎ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ተጨፈለቀ። ወንድሙ ለእግር ተረፈ።

በሠርጉ ዕለት አስካለ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው መረቁ።

ማንደፍሮ ዛሬም፣ «ማኅተሙ ይበቃ ነበር» ይላል። አቶ ደምለው ግን መንታው ያልተፈተነ ተረከዝ ከሚስታቸው እግር ሥር እንዲገባ አልተቀበሉም።