ዶሮ ባሕር ተሻግራ አራስ የጠየቀች ዕለት

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ተረት ላወራችሁ ነው። «አውራን» በሉኛ! እንግዲያው ስሙ።

ድሮ፣ ውሃና አሸዋ እንደ ሰው ሲያወሩ፣ ጃፓን በሚባል አገር ሁለት ትንንሽ ደሴቶች ነበሩ። በአንዱ ዶሮ ትኖራለች፤ በሌላው ፍየል ትኖራለች። በመካከላቸው የአሸዋ መንገድ አለ። ባሕሩ ሲሸሽ መንገዱ ብቅ ይላል፤ ባሕሩ ሲመለስ መንገዱ ይሰወራል። ከሰዓት በኋላ ከተሰወረ እንደገና የሚገለጠው ሌሊት ነው። ዶሮ ደግሞ በጨለማ አታይም።

አንድ ቀን ፍየል ወለደች። ዶሮ ሰማችና ጨነቃት።

«አራስ ሳልጠይቅ ብቀር ምን ትለኛለች?»

ግን እንቁላል ታቅፋ ነበር። ጫጩቶቹም ሊወጡ ደርሰው ቅርፊቱን ከውስጥ ቆርቆር ማድረግ ጀምረዋል። አሰበች፣ አሰበችና እንቁላሎቹን ፀሐይ ባሞቀው ደረቅ ሣር ሸፈነቻቸው።

«ፀሐይ እስክትጠልቅ ይሞቃቸዋል» አለች። «ከዚያ ካለፈ ግን ቀዝቅዘው ያልቁብኛል።»

ባሕሩ ዳር ደርሳም፣ «ጋሼ አሸዋ፣ ሳትሄድ ጥራኝ» አለችው።

«መጥራቱን እጠራሻለሁ፤ አንቺ ብቻ ስጠራሽ ነይ» አላት።

ተሻገረች። ፍየል ቤት ገባች።

«እመት ፍየል፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

«ማርያም ታኑርሽ! ግቢ፣ ግቢ፣ ወዲህ ተቀመጪ!»

የሩዝ ገንፎ ይገነፋ ጀመር። ገና ሳይወጣ አሸዋው ከውጭ ተጣራ።

«ዶሮ ሆይ! ዳር ዳሬ ረጠበ!»

ዶሮ ብድግ አለች።

«እንዴ! ገንፎ ሳትቀምሺ?» አለች ፍየል።

«እንቁላሎቼ እኮ…»

«እንቁላል እግር የለው፤ የት ይሄድብሻል? በሞቴ!»

በሞቴ ተብሎ እንዴት እምቢ ይባላል? ዶሮ ቁጭ አለች። በላች።

አሸዋው እንደገና ተጣራ።

«ዶሮ ሆይ! ወገቤ ቀጠነ!»

ዶሮ ብድግ አለች።

«ግልገሎቼን ሳትመርቂማ አትወጪም! በሞቴ!»

ዶሮ ቁጭ አለች። ትልቁን መረቀች። ትንሹ አኮረፈ፤ እሱንም መረቀች።

አሸዋው ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ።

«ዶሮ ሆይ! አንዲት ክር አክያለሁ!»

ዶሮ ዘላ ወጣች። ፍየል ተከተለቻት።

«ቆይ ልሸኝሽ እንጂ! ባለቤትሽ ጉንፋኑ ለቀቀው?»

«ለቀቀው!»

«ለዳክዬም ሰላም በዪልኝ!»

«እሺ!»

«ለሸርጣንም!»

«እሺ አልኩሽ እመት ፍየል፣ እሺ!»

ባሕሩ ዳር ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። የምሥራቁ ውሃ ከወዲያ፣ ታናሽ ወንድሙ የምዕራቡ ውሃ ከወዲህ እየመጡ ነው። ከመንገዱ የቀረው አንድ ዶሮ የምታልፍበት ያህል ብቻ ነው።

«ትንሽ ታገሱ» አለ አሸዋው። «የልጆች እናት ናት።»

«ጨረቃ ልካናለች» አሉ ውሃዎቹ። «አንቆምም።»

አሸዋው ፈራ። ሊይዛቸው ጉልበት የለውም፤ ሊያባርራቸው እጅ የለውም። ከዚያ ወደ ፍየል ቤት ዞር ብሎ አየና ፈገግ አለ።

«ይሁን፤ ግቡ» አለ። «ግን ማን ሊቀድም ነው?»

ውሃዎቹ ቆም አሉ።

«ጋሼ፣ አንተ ቅደም እንጂ» አለ የምዕራቡ።

«ኧረ በፍጹም! አንተ ቅደም» አለ የምሥራቁ።

«ታላቄ ቆሞ? አላደርገውም!»

«በሞቴ ግባ!»

«በሞትህማ ጭራሽ አልገባም!»

ዶሮ በመካከላቸው ትሮጣለች። እግሯ ረጥቧል። ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ ግን እሷም ልማድ ያዛትና ቀጥ አለች።

«ውይ፣ ይቅርታ! እናንተ ቅደሙ…»

«አንቺ ደግሞ!» ብሎ አሸዋው ጮኸባት። «ዝም ብለሽ ሩጪ!»

ሮጠች። ዳር ስትደርስ ሁለቱ ወንድማማቾች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው አብረው ገቡ፤ መንገዱም ተሰወረ።

ዶሮ ሣሩን ገለጠች። እንቁላሎቹን በደረቷ ነካቻቸው። ለብ ብለዋል። ክንፏን ዘርግታ ታቀፈቻቸው፤ ፀሐይም ጠለቀች። ወዲያው አንዱ ቅርፊት ተሰነጠቀና አንድ ጫጩት ብቅ አለ።

«እማዬ፣ የት ቆየሽ?»

«በር ላይ፣ ልጄ» አለች ዶሮ። «ስሰናበት።»

ዛሬም ያንን መንገድ የሚጎበኙ ሰዎች ያዩታል ይባላል፦ ውሃው ከሁለት በኩል መጥቶ፣ ሊገናኝ ትንሽ ሲቀረው ቆም ይላል። ያኔ ሰዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሮጣሉ፤ ይስቃሉም።

እንግዳን ግባልኝ ማለት መውደድ ነው፤ መንገዱ ሳይዘጋበት ሂድልኝ ማለት ደግሞ የበለጠ መውደድ ነው። እኔ አወራሁ፣ እናንተ ሰማችሁ፤ በሉ አሁን ተነሱና ሳይመሽባችሁ ወደየቤታችሁ ግቡልኝ።