ሐጂ ሱሩር ያላሸተቱት ዘይት

ስሟን መጥራት በማያስፈልገን አንዲት የድሮ ከተማ ውስጥ ሐጂ ሱሩር የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ሀብታም አልነበሩም፣ ሃይማኖት የሚያስተምሩ ትልቅ ዓሊምም አልነበሩም። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በአፍንጫቸው ነው።

የዚያ ከተማ ሰው ልጁን ሳል ሲይዘው የጥቁር አዝሙድ ዘይት ነበር የሚያጠጣው። አንድ ጊዜ ታዲያ አላህን የማይፈራ ነጋዴ ዘይቱ ውስጥ የመብራት ጋዝ ቀላቅሎ ሸጠና ሕፃናት ታመሙ። የሞቱም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሐጂ ሱሩር ያላሸተቱት ዘይት ገበያ አይወጣም ተባለ። ነጋዴዎቹ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ ጠርሙሳቸውን ይዘው እሳቸው ደጅ ይሰበሰባሉ። ሐጂ ጠብታ መዳፋቸው ላይ አድርገው፣ ፈተግ ፈተግ አድርገው ያሸቱታል። ደህና ከሆነ ክዳኑ ላይ የቀለጠ ሰም ያፈሱና አውራ ጣታቸውን ይጫኑበታል። ሰው ያቺን የጣት ምልክት አይቶ ነው የሚገዛው።

ለዚህ ሥራ ሐጂ አንድም ነገር አይቀበሉም። ግን ምንም አያገኙም ማለት አይደለም። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፣ ልጆቻቸው ለንግድ እንደወጡ ርቀው ቀርተዋል። እዚያ ቤት የሰው ድምፅ የሚሰማው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው።

"ሻፊ፣ ይሄ ዘይት ነው ወይስ እግርህን የታጠብክበት?" ይላሉ ሐጂ።

"ኧረ ሐጂ፣ እኔ እግሬን ታጥቤ ባውቅ ሚስቴ ታኮርፈኝ ነበር?"

ሰዉ ይስቃል፣ እሳቸውም ይስቃሉ። ከነጋዴዎቹ ሁሉ የሚቀርባቸው ይሄ ሻፊ ነው። ሌሎቹ ሲሄዱ ትንሽ ይቆይላቸዋል።

አንድ ክረምት ሐጂን ኃይለኛ ጉንፋን ጣላቸው። ሲሻላቸው አልሐምዱሊላህ ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ አንድ ቀን ወተት ጥደው፣ ጀርባቸውን ለምድጃው ሰጥተው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተስቢህ ሲያደርጉ ጎረቤታቸው ሰዓዳ እየጮኸች ሮጣ ገባች።

"ሐጂ! ወተቱ! አሮ ከሰል ሆነ እኮ! እኔ ቤቴ ድረስ ሸቶኝ፣ አንቱ እዚሁ ተቀምጠው?"

ሐጂ ድስቱን አወረዱ። እሷ ስትሄድ ለጁምዓ የሚቀቡትን ሽቶ ከፈቱ። ምንም የለም። ሽንኩርት ቆረጡ። ዓይናቸው አነባ፣ አፍንጫቸው ግን ምንም አላለም።

ያኔ ነው የፈሩት። ከበሽታው ከተነሱ ወዲህ ያተሟቸው ጠርሙሶች ትዝ አሏቸው። ለካ አላሸተቷቸውም ነበር። እጃቸው የለመደውን ይሠራል፣ ልባቸው የለመደውን ሽታ ይነግራቸዋል። እሳቸውም አምነውት ነበር።

በነጋታው መጀመሪያ ለመጣው ለሻፊ ነገሩት። ሻፊ ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ።

"ለሌላ ሰው ተናግረዋል?"

"ላንተ ብቻ።"

"እንግዲያው እዚሁ ይቅር። እኛ ዘይታችንን እናውቀዋለን፣ ጥሩ ነው። አንቱ ጣትዎን ብቻ ይጫኑ።"

ሐጂ ሰሙን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት።

"ላስከፋዎት ብዬ አይደለም ሐጂ። ግን ያስቡት። ነገ እዚህ ደጅ ማን ይመጣል? እኔ ራሴ ሱቅ አለኝ፣ ልጆች አሉኝ። ምን ብዬ እመጣለሁ?"

እውነቱን ነበር፤ ሐጂን የጎዳቸውም ይሄ ነው።

ጁምዓ ሰግደው ሲያበቁ ኢማሙን አስፈቅደው ተነሱ።

"ሙስሊሞች ሆይ፣ አፍንጫዬ አይሸትም። ከታመምኩ ወዲህ ያተምኩት ዘይት አይታመንም፣ ለልጅ እንዳትሰጡ። መልሱት።"

መስጂዱ ተንጫጫ። "አረጀ" ያለ አለ፣ "እስከዛሬ የጠጣነውስ?" ብሎ የጮኸም አለ። ማታ ሰዓዳ ጠርሙሷን ይዛ መጣች።

"ልጄ ትንፋሽ አጥሮታል። ልስጠው አልስጠው?"

"አላውቅም ልጄ። እስኪታወቅ አትስጪው።"

"አንቱ ካላወቁ ማን ሊያውቅ ነው?"

ጠርሙሷን አስቀምጣ ሄደች። ልጇ ሲያስል በግድግዳው በኩል ይሰማቸዋል፣ ዱዓ እያደረጉ ይሰሙታል።

የተሰበሰበው ዘይት ሌላ ከተማ ላሉ መርማሪዎች ተላከ። እስኪመለስ ሐጂ ጠዋት ጠዋት ደጃቸውን ይጠርጉና ይቀመጣሉ። ኮቴ ሲሰማ ቀና ይላሉ። ኮቴው ያልፋል። አንድ ቀን ያቺን የሻፊን የእግር ቀልድ ለራሳቸው ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ባዶ ቤት ውስጥ ሲመለስ ሰምተው ተነሱና ደጁን እንደገና ጠረጉ።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ደጃቸው በሰው ተሞላ። ሻፊ ከፊት ነው።

"ሐጂ! አንድም የተበላሸ የለም! ሁሉም ጥሩ ነው!"

"አልሐምዱሊላህ። ልጆቹ ተረፉ" አሉና ፊታቸውን በእጃቸው አበሱ።

"ሰው ምን እያለ እንደሆነ ያውቃሉ? ከራማ ነው፣ የአላህ ተአምር ነው እያለ ነው! ሳያሸቱ አትመው አንድ ስላልሳቱ፣ ጣትዎ ራሱ ያውቃል ተባለ። ከሩቅ አገር ሁሉ ይመጣል ሰው። ይኸው ሰሙም ቀልጧል።"

ሐጂ ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው። ናፍቀዋቸው ነበር። ጣታቸውን ቢዘረጉ ይሄ ሁሉ ሳቅ ነገም ከነገ ወዲያም እዚሁ ነው። ማንም አይወቅሳቸውም፤ እንዲያውም የአላህ ወዳጅ፣ ወልይ ይሏቸዋል።

"ሻፊ፣ ሰሙን ውሰደው" አሉ ቀስ ብለው። "ደህና አፍንጫ ያላቸው ሰዎች ፈልጉ፣ አንዱ ቢሳሳት ሌላው እንዲያርመው ሁለት ሦስት አድርጓቸው።"

"ዘይቱ ጥሩ ነበር እኮ ሐጂ! ታዲያ ማኅተምዎ ምን አጠፋ?"

"ጣቴ 'ሱሩር አሽትቶታል' ነው የሚለው። ሱሩር አላሸተተውም።"

ይህን ብለው ገቡና በሩን ዘጉ።

ዘይቱ ደህና ሆኖ መገኘቱ የአላህ ራሕመት፣ ምሕረቱ ነው፤ ምስክርነቱን ግን እውነት አያደርገውም። ዛሬም መድኃኒት ስንገዛ መድኃኒቱን አናውቀውም። የምናየው ላዩ ላይ ያለውን ማኅተም ነው። ያን ማኅተም ያደረገ ሰው አንድ ቦታ አለ፣ እኛ አናየውም። የታመመ ልጅ አፍ ውስጥ የሚገባው የዚያ የማናየው ሰው እውነት ወይም ውሸት ነው። ሳያይ አትሞ ጉዳት ባይደርስ፣ እድለኛ ሆነ እንጂ ታማኝ አልሆነም።

ሰዎቹ ከዚያ በኋላ ሐጂን ሊጠይቁ መጡ ወይ? የሚተርኩልን ሰዎች አዲሶቹ አሽታቾች ገበያው በር ላይ ተቀመጡ፣ ሰዉም በሐጂ ደጅ ሳይሆን በዚያ በኩል መሄድ ለመደ ነው የሚሉት። ሐቅ አንዳንዴ ይሄን ያህል ያስከፍላል። እኛ ግን ዛሬ አጠገባችን እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ የሚያትምልን ነገር ባይኖረውም ሄደን አሰላሙ ዓለይኩም ማለት እንችላለን።